የጨረቃው ሠዓሊ አሟሟት

ገብረ ሕይወት በጋቢ ተሸፍኖ መደብ ላይ ተጋድሟል፤ ግቢው ውስጥ ግን አንድም ለቅሶኛ አልነበረም። የመቶ አለቃ አዳነ ጓዴ ከበቅሎው ሲወርድ መጀመሪያ የገረመው ይኸው ነው። በስማዳ አገር ሰው ሲሞት የሟች ባላጋራ እንኳ ሳይቀር ነጠላውን አዘቅዝቆ ይመጣል፤ ደረቱን ባይመታ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል። እዚህ ግን ከደጃፉ የተቀመጠችው የሟች እኅት ወለተ ማርያም ብቻ ነበረች። ብቻዋን ስታለቅስ አድራ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«የወገዳው መቶ አለቃ አንቱ ነዎት?»

«ነኝ። እግዚአብሔር ያጥናሽ። ሰው ሁሉ የት ሄደ?»

«ሰው የደብሩን አለቃ ገብረ ሥላሴን ፈርቶ ነው። ‹ራሱን የገደለ ነው፤ ፍትሐት አይደረስለትም፤ ከቅጥሩ ውጭ ይቀበር› ብለው አወጁ። ዛሬ ጀምበር ሳትጠልቅ ከገደሉ ሥር እንድቀብረው ነው ያዘዙኝ። እኔ ደግሞ አልቀብርም አልኩ። እንደ ውሻ ጉድጓድ ምሼ አልጥለውም። ወንድሜ ራሱን አልገደለም።»

«በምን አወቅሽ?»

«በምንም። እኅቱ ስለሆንኩ ነው።»

አዳነ ጎንበስ ብሎ ወደ ቤቱ ገባ። በወገዳ ፖሊስ ጣቢያ መርማሪ ሆኖ ከደብረ ታቦር ከተዛወረ ወዲህ ሚስት አላገባ፣ ባልንጀራ አላበጀ፤ ሰዎች «ከሰው ይልቅ ዕቃ ያነጋግራል» እያሉ ይቀልዱበታል። ቀልዱ ከእውነት የራቀ አልነበረም። አንድ ነገር ፊቱ ካስቀመጡለት ዓይኑን ሳይነቅል ሲያየው ይውላል፤ ቸኩሎ የሚናገረው ነገር ግን የለም።

ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ሬሳውን መረመረ። ከገደል የወደቀ ሰው አካል የሚሆነውን ሆኗል። ዓይኑን የሳበው የቀኝ መዳፉ ነበር። መዳፉ በቁሙ ተሰንጥቋል፤ ከስንጥቁም ውስጥ ቀጭን የእንጨት ስባሪ ተሰክቷል። እንጨቱ የተላገ ነው፤ የዱር እንጨት አይደለም። ነቅሎ በመሐረቡ ጠቀለለው።

ቀና ሲል ግድግዳው ላይ የተደረደሩትን ሥዕሎች አየ። ሁሉም በሸራ ላይ የተሣሉ፣ ሁሉም የጨረቃ ሌሊት ናቸው። አጨዳ ያለቀበት የገብስ ማሳ፣ ባዶ አውድማ፣ ወዴት እንደሚሄድ የማይታወቅ ቀጭን መንገድ፣ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ የተኙ ሰማያዊ ተራሮች። ጨረቃዋ ራሷ በአንዱም ላይ የለችም፤ ብርሃኗ ብቻ ከጎን ገብቶ ምድሩ ላይ ተኝቷል። ሰው የለም። ከብት የለም። አዳነ ወገዳ ያለችውን ባለ አንድ በርጩማ ቤቱን አስታወሰ።

«ሰው የማይሥለው ለምን ነበር?» ሲል ጠየቀ።

«ቤተ ክርስቲያን ይሥል በነበረበት ጊዜማ ጻድቁንም ኃጥኡንም ይሥል ነበር። አዲስ አበባ ሥዕል ትምህርት ቤት ገብቶ ከተመለሰ ወዲህ ነው ይኼን የጀመረው። ‹ሰው የት አለ?› ስለው ‹አንቺ እያየሽው አይደል? ሰውየው አንቺ ነሽ› ይለኛል። ግን ሞኝ አልነበረም፤ የሚያደርገውን ያውቃል። እኔን በጨረቃ ብርሃን ግቢ ውስጥ ያቆመኝና ጥላዬን ሲለካ ያመሻል። ‹ጨረቃን የሚናገርላት ጥላ ነው› ይላል። ለጠጠር እንኳ ጥላ ሳይሠራለት አያልፍም።»

አዳነ ወደ ሥዕሎቹ ጠጋ አለ። እውነቷን ነው። ከማሳው ላይ የቀረች አንዲት የገብስ ዘለላ እንኳ ከጎኗ ጥቁር ክር የምታህል ጥላ ተኝታላታለች።

ሬሳውን ያገኘው የሟች ያጎት ልጅ ሀብቴ ነበር። ቁመተ ረጅም፣ ዓይኑ የማያርፍ ገበሬ ነው። አዳነን ወደ አፋፉ እየመራ በመንገድ ላይ ሳይጠየቅ ብዙ አወራ።

«በርስቱ ተካሰን እንደነበር ይነግሩዎታል፤ ከሰው አፍ ከሚሰሙት እኔው ልንገርዎ። አዎ፣ ተካሰናል። ‹አታርሰው፣ አታስታርሰው፣ ምን ያደርግልሃል?› ብዬዋለሁ። ግን እኔ አልነካሁትም።»

«እሱ የሞተ ዕለት ምሽት የት ነበርክ?»

«ማሳዬ ዳር፣ ገብሴን ከጃርት እየጠበቅሁ። ብቻዬን።»

አፋፉ ሲደርሱ ነፋሱ ከሸለቆው እየወጣ ፊታቸውን መታው። ታች በሽሎ ከድንጋዮች መካከል እንደ ክር ይታያል። ሀብቴ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አሳየ።

«ሥዕሉን እዚህ ነው ያገኘሁት፤ ቀና ተደርጎ ተደግፏል። ሳየው ክው አልኩ። ሰው ከገደል ሲወድቅ ይታያል። ቁልቁል ሳይ ደግሞ እሱ ራሱ ወድቋል። የቀለም ሳጥኑም ከሬሳው አጠገብ ተሰባብሮ ቀለሙ ድንጋዩን አልብሶታል። አለቃ ‹ሞቱን ሥሎ ነው የሞተው› ብለው ሥዕሉን ወሰዱት።»

«አንተ ሥዕል ትችላለህ?»

ሀብቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ። «እኔ? ኧረ እኔ በበሬዬ ላይ ምልክት ስተኩስ እንኳ ጎረቤት ‹ይኼ ምንድን ነው?› እያለ ይስቅብኛል።»

የአምባ ጨረቆስ ቤተ ክርስቲያን ገና አዲስ ነው፤ የመቅደሱ ግድግዳ በመሣል ላይ ነበር። አለቃ ገብረ ሥላሴ የደብሩ አለቃም፣ ሠዓሊም፣ ጸሐፊም ናቸው። ከሦስቱ ሥልጣናቸው አንዱንም ለሌላ ሰው ማካፈል አይወዱም። ቀለም የደረቀባቸው ትንንሽ ቀንዶች በክር ታስረው ከመቀነታቸው ተንጠልጥለዋል።

«ፖሊስ ለምን አስፈለገ?» አሉ ገና ከበሩ። «ሟቹ ራሱ መስክሯል። እነሆ!»

ሥዕሉን ከዕቃ ቤት አውጥተው ከግድግዳ አስደገፉት። የበሽሎ አፋፍ ነው፤ ብርሃኑ ከግራ መጥቶ የድንጋዮቹን ጥላ ወደ ቀኝ አስተኝቷል። ከአፋፉ ግርጌ፣ ብርሃን ባረፈበት የገደል ፊት ላይ፣ አውራ ጣት የሚያህል ሰው እጁን ዘርግቶ ይወድቃል። ፊቱ ወደ ተመልካቹ ዞሯል፤ ትልልቅ ሁለት ዓይኖቹ ቀጥታ ያያሉ። የሸራው የእንጨት ክፈፍ የታችኛው ጠርዝ አንድ ቦታ ላይ ተሰንጥሯል።

«እኔ እኮ አስጠንቅቄው ነበር» አሉ አለቃ። «ሰው የሌለበት፣ መልአክ የሌለበት ሥዕል ለማን ይሰገድበታል? በእኛ ሥዕል ጨረቃ የምትገባው ጌታ ሲሰቀል ደም ለብሳ ነው። የኀዘን ምልክት ናት። እሱ ኀዘኑን ብቻ ወስዶ ጌታን ተወው። እንዲህ ያለ ሰው መጨረሻው ምን ይሆናል?»

«ይጠሉት ነበር?»

«ሥራውን እጠላ ነበር። እሱንም አልወደውም፤ ለምን እዋሻለሁ? ይምጡ፣ ሌላም ላሳይዎ።»

ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ወስደው ከሲኦል ሥዕል ግርጌ በጣታቸው ጠቆሙ። ከኃጥኣን መካከል ብሩሽ የያዘ ቀጭን ሰው ፊቱን በጎን አዙሮ፣ በአንድ ዓይን ተሥሏል።

«ይኼን የሣለው ራሱ ገብረ ሕይወት ነው፤ አብሮን ይሠራ በነበረበት ዘመን። መልኩ ያው የራሱ ነው። ‹እኔ ራሴን የማውቀው እዚህ ነው› እያለ ይስቅ ነበር። ራሱን ከኩነኔ ያስገባ ሰው ገደል ቢገባ ይደንቃል?»

«አንቱ ራሱን የገደለ ሰው ሣሉ ቢባሉ እንዴት ይሥሉታል?»

«ሌላ አሣሣል አለው እንዴ? በአንድ ዓይን ነዋ! ሁለት ዓይን ለጻድቃን ነው፤ ሕፃን የሚያውቀውን ይጠይቁኛል።»

«ያን ምሽት የት ነበሩ?»

«ቤቴ። ጸሎት ላይ። ብቻዬን።»

አዳነ ሥዕሉን ለብቻው እንዲያይ ጠየቀና አለቃ እያጉረመረሙ ወጡ። ለረጅም ጊዜ ተቀመጠ። ከዚያ ጣቱን በምራቁ አርሶ የሚወድቀውን ሰው እግር ጫፍ በቀስታ ነካ። ቀጥሎም ከሰውየው አጠገብ ያለውን ድንጋይ ነካ። ጣቱን ወደ ብርሃን አውጥቶ አየውና በመሐረቡ ጠረገው።

ከመቅደሱ በስተ ሰሜን ደብተራ አለበል ርብራብ ላይ ወጥቶ በፈላ ጋን ውስጥ የተጣሉትን ሕፃኑን ቂርቆስንና እናቱን ይሥላል። ከገብረ ሕይወት ጋር አብረው ፊደል ቆጥረው፣ አብረው ቆሎ ለምነው የተማሩ ናቸው። ቀለሙን እንደ አለቃው ሁሉ በግራር ሙጫ ለውሶ በቀንድ ያደርቀዋል፤ ሲፈልግ በምራቁ ያርሰዋል። መርማሪው ሲጠራው ወርዶ መሬት ላይ ተቀመጠ። ዓይኖቹ ቀልተዋል።

«ለቅሶ አልደረስክም» አለው አዳነ።

«አለቃ ከለከሉ። እንጀራዬ ከእሳቸው እጅ ነው።»

«ያን ምሽት አየኸው?»

«አላየሁትም። እዚሁ ዕቃ ቤት ተኝቼ ነበር።»

«ብቻህን?»

«ከማን ጋር እሆናለሁ? ሚስት የለኝ።»

አዳነ ፈገግ ሊል ፈልጎ አልሆነለትም። በዚህ ደብር ያን ምሽት ሁሉም ሰው ብቻውን ነበር፤ እሱም ወገዳ ላይ እንደዚያው።

«የጨረቃ ሥዕሎቹን ትወዳቸው ነበር?»

«ያምራሉ። ግን ሳያቸው ይበርደኛል።» አለበል ከእጁ ላይ የደረቀ ቀለም መፋቅ ጀመረ። «ድሮ አብሬው አፋፉ ድረስ እሄድ ነበር። እሱ ሲሥል ከጎኑ እቀመጣለሁ፤ እሳት አነድለታለሁ። ሥዕሉ ሲያልቅ ሳየው ድንጋዩ አለ፣ ሣሩ አለ፤ እኔ ግን የለሁም። አንድም ቀን የለሁም።»

«ነግረኸው ታውቃለህ?»

«ይስቃል። ነገሩን ሁሉ በሳቅ ነው የሚያልፈው። አሁን ደግሞ አዲስ አበባ ሊያስተምር ተጠርቶ ሊሄድ ነበር። ለጥምቀት እንኳ አይቆይም ነበር።»

ስለዚህ ጉዞ እስካሁን ማንም አልነገረውም ነበር። አዳነ አመስግኖት ተነሣ።

ጀምበር ወደ ምዕራብ ማዘንበል ስትጀምር አዳነ ሁሉንም በሟች ግቢ ሰበሰባቸው። ወለተ ማርያም ከደጃፉ አልተነሣችም። ሀብቴ ከአጥሩ ሥር ቁጢጥ አለ። አለቃ ገብረ ሥላሴ ከሬሳው ቤት ርቀው ቆሙ፤ አለበል ከኋላቸው። ሥዕሉ ከግድግዳው ተደግፏል።

«መሽቷል» አሉ አለቃ። «ቀብሩ...»

«ለቀብሩ ስል ነው የጠራኋችሁ። ይህ ሰው ራሱን ገድሎ ከሆነ አለቃ እንዳሉት ይሁን። ካልገደለ ግን ከአባቶቹ ጎን ይተኛል። መጀመሪያ ይኼን እዩ።» መሐረቡን ፈታ። «ይህ ስባሪ ከሟቹ መዳፍ የወጣ ነው።»

ጎንበስ ብሎ ስባሪውን ከተሰነጠረው የክፈፍ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው። ልክክ አለ።

«ሲወድቅ ክፈፉን አጥብቆ ይዞ ነበር፤ እንጨቱ ተሰንጥቆ መዳፉ ውስጥ ቀረ። ሥዕሉ ግን አብሮት አልወደቀም። ሀብቴ ያገኘው አፋፉ ላይ፣ ድንጋይ ተደግፎ ቀና ብሎ ነው። እንግዲህ ሌላኛውን ወገን የያዘ ሌላ ሰው ነበር። ያስደገፈውም እሱ ነው።»

ሀብቴ ተነሥቶ ቆመ። «መቶ አለቃ፣ በጨረቆስ ይሁንብኝ...»

«ተቀመጥ። ገና አልጨረስኩም። ሁላችሁም ‹ሞቱን ሥሎ ሞተ› ብላችሁ ያመናችሁት በዚህ በሚወድቀው ሰው ነው። ወለተ ማርያም፣ ሰውየውን አይተሽ ምን እንደጎደለው ንገሪኝ።»

ወለተ ማርያም ሥዕሉን እስካሁን አላየችውም ነበር። እየተንፏቀቀች ቀረበች። ለጥቂት ጊዜ ካፈጠጠች በኋላ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ጥላ የለውም» አለች። «ድንጋዩ ሁሉ አለው። ይኼ ሰውዬ የለውም። ገደሉ ብርሃን ነው፤ ጥላው የታለ? ይኼን ወንድሜ አልሣለውም!»

«አልሣለውም። ጠጠር የማይረሳ ሠዓሊ የራሱን ሞት ያለ ጥላ አይሥልም። አሁን ደግሞ እዩ።» ጣቱን አርሶ የሰውየውን እግር ጫፍ ነካና አሳያቸው። ጣቱ ጠቆረ። ድንጋዩን ሲነካ ግን ምንም አልለቀቀም። «ገብረ ሕይወት የሚሠራው በዘይት ቀለም ነው፤ ውሃ አይበግረውም። የዘይት ሳጥኑ ከእሱ ጋር ገደል ገብቷል። ሰውየው የተሣለው በግራር ሙጫ ቀለም ነው፤ ሟቹ ከወደቀ በኋላ፣ ከወገቡ ቀንድ በማይለየው ሰው። ሀብቴ፣ አንተ ከዚህ ነገር ነፃ ነህ።»

ሀብቴ ትንፋሹን ለቀቀ። አለቃ ገብረ ሥላሴ ግን እጃቸው ሳያውቁት መቀነታቸው ላይ ያሉትን ቀንዶች ጨበጠ።

«እኔን ነው የምትለኝ?» ከቁጣቸው የተነሣ አንቱታውን ረሱት። «እኔን?»

«ቀንድ ያላቸው ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንቱና ደብተራ አለበል። ሁለታችሁም ያን ምሽት ብቻችሁን ነበራችሁ። እስከዚህ ድረስ እኔም ግራ ገብቶኝ ነበር። አሁን ፊቱን እዩት።»

ሁሉም ጎንበስ አሉ።

«ስንት ዓይን አለው?»

«ሁለት» አለች ወለተ ማርያም።

«አለቃ ራሱን የገደለ ሰው እንዴት እንደሚሣል ሳያመነቱ ነግረውኛል። ገብረ ሕይወት እንኳ ራሱን ሲሥል በአንድ ዓይን ነበር። እሳቸው ቢሆኑ፣ አይወዱትም ነበርና፣ አንድ ዓይን ሰጥተው ጥርሱን እንዳገጠጠ ይሥሉት ነበር። ይኼ ሰውዬ ግን ከገደል እየወደቀ የጻድቅ ፊት አለው። የሣለው ሰው ሟቹን ለኩነኔ አሳልፎ መስጠት እየፈለገ እጁ እንቢ ብሎታል። በዚህ ደብር ገብረ ሕይወትን እንዲህ የሚወድ ሠዓሊ አንድ ብቻ ነው።»

ማንም ወደ አለበል አልዞረም፤ መዞር የፈራ ይመስል። የተናገረው ራሱ ነው።

«አንድ ዓይን ልሠራለት ነበር» አለ በቀጭን ድምፅ። «ብሩሹን አስጠጋሁ። አልሆነልኝም። እንደዚያ አድርጌ ላየው አልቻልኩም።»

ወለተ ማርያም «አለበል?» ብቻ አለች።

«ልሰናበተው ነው የሄድኩት። ‹የመጨረሻህ ነው፤ በዚህ እንኳ አንድ ሰው ጨምርበት፤ እኔን ጨምረኝ› አልኩት። ‹አንተ ከገባህ ጨረቃዋ ትጠፋለች› ብሎ ሳቀ። ቀልዱን ነው፤ አውቃለሁ። ግን ሥዕሉን ነጠቅሁት። ያዘው። እሱ ይጎትታል፣ እኔ እጎትታለሁ። አፋፉ ከኋላው እንደሆነ ይታየኝ ነበር። እያየሁ ሥዕሉን ወደ እሱ ገፋሁት።» እጆቹን ተመለከተ። «ከዚያ ፈራሁ። ራሱን ገደለ እንዲባል ሣልኩት። ፍትሐት እንደሚከለከል አላሰብኩም፤ አለቃ ሲያውጁ ነው የገባኝ። ዝም አልኩ። ይኼው ነው።»

አለቃ ገብረ ሥላሴ ወደ ሬሳው ቤት ተራመዱ፤ ደጃፉ ላይ ጫማቸውን አወለቁ። ከወለተ ማርያም ፊት ሲደርሱ ጎንበስ አሉ።

«ፍቺኝ፣ ልጄ። ክፉ ፈርጄብሻለሁ።» ቀና ብለው ወደ አጥሩ ዞሩ። «ሀብቴ፣ ሩጥ፣ ደወሉን ደውል። ካህናቱ ይሰብሰቡ። ፍትሐቱን እኔው እመራለሁ።»

ሀብቴ እየሮጠ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ የደወሉ ድምፅ በአምባው ላይ ተሰማ፤ ከየቤቱ የታፈነው ለቅሶ አብሮ ፈነዳ። ሴቶች መቀነታቸውን እየታጠቁ፣ ወንዶች ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ወደ ግቢው ጎረፉ። ወለተ ማርያም ሰው ሲመጣላት አይታ እንደ አዲስ አለቀሰች።

አዳነ የአለበልን እጅ ሊያስር ገመድ አወጣ። በሥራው ብዙ ገዳይ ይዟል፤ እንደ ዛሬ የከበደው ግን አልነበረም።

«መቶ አለቃ፣ ከመውሰድዎ በፊት አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ አለበል። «መቃብሩን ልቆፍር።»

«ገዳዩ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ጮኸ። ግቢው ተንጫጫ።

አዳነ ገመዱን እንደያዘ ወደ ወለተ ማርያም ዞረ። ይህ የእሱ ፍርድ አልነበረም። ሴትዮዋ አለበልን ለረጅም ጊዜ አየችው፤ ጫጫታውም ቀስ በቀስ በረደ።

«ይቆፍር» አለች። «ወንድሜ ከእሱ ሌላ ባልንጀራ አልነበረውም።»

አንድ ሰው ከጎተራው ሥር ዶማ አምጥቶ ሰጠው።